60 ሺህ ተብሎ 42 ሺህ ይዤ ስመለስ

የምክር ዓምድ

ይድረስ ለተከበሩ አማካሪ፣

ሰላምታዬ ከደሴ ይድረስዎት። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። መተዳደሪያዬ ክራር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከማሲንቆ ተጫዋቻችን ጋር ሆነን አንድ አነስተኛ የባህል ሙዚቃ ቡድን ጀመርን። ዛሬ ሰባት ሆነናል፤ እኔና ማሲንቆ ተጫዋቹ፣ ዋሽንት ነፊ፣ ከበሮ መቺ፣ አንዲት ድምጻዊትና ሁለት ተወዛዋዦች። ማሲንቆ ተጫዋቹ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ሁላችንም «አያ» እያልን ነው የምንጠራቸው። አምባሰልንና ባቲን ለይቼ መቃኘት የተማርኩት ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጬ ነው።

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ሠርግ እንሠራለን፤ አርብ ማታ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል እንጫወታለን። ዋጋ የምነጋገረው እኔ ነኝ፤ ቀብድ የሚላከው በእኔ ቴሌብር፣ ቀሪው ክፍያ የሚገባው በእኔ የባንክ ሒሳብ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጥሬ ገንዘብ አውጥቼ አከፋፍላለሁ። በወረቀት የሰፈረ ነገር ኖሮን አያውቅም፤ ያስፈልገናል ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር።

በቅርቡ ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ በዓል በ60 ሺህ ብር ጠራን። ክፍያ ልቀበል ስሄድ የሒሳብ ክፍሉ ቲን ነምበር ጠየቀኝ። የለኝም ስል 30 በመቶ ቀንሰው 42 ሺህ ብር ሰጡኝ። ሐረጎን ሽቅብ ስወጣ ለጓደኞቼ እንዴት እንደምነግራቸው ብቻ ነበር የማስበው። ስነግራቸው ከበሮ መቺው ሳቅ አለ። አያ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ስንት ነበር ያልከን?» አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ቁጥሩ ጠፍቷቸው እንዳልጠየቁ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ጥያቄያቸው ጆሮዬ ላይ ነው።

ያልነገርኳቸው ሌላ ነገርም አለ። ባለፈው ዓመት ታናሿ ልጄ ታማብኝ ከአንድ ሠርግ ቀብድ ላይ 5 ሺህ ብር አንስቼ ለሕክምና ከፈልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሼዋለሁ፤ ከማንም ድርሻ አልጎደለም። ነገር ግን ማንም አያውቅም።

አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚያደርገው ዝግጅት 80 ሺህ ብር ሊከፍለን ተስማምቷል፤ ቲንና ደረሰኝ ግን ግዴታ ነው ብሏል። ሱቅ ያለው ጓደኛዬ «5 ሺህ ብር ስጠኝና በእኔ ደረሰኝ ተቀበል» ይለኛል። የቡድኑ አባላት «ግብር ውስጥ አንዴ ከገባህ አትወጣም» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ሁሉንም በስምህ አስመዝግብና እነሱን በደመወዝ ቅጠራቸው፤ ከንትርኩ ትገላገላለህ» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

ክራር መቺው፣ ከደሴ

—

ውድ ወንድሜ፣

ታናሽ ወንድሜን የምታክል ስለሆንክ «አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የግብር ጥያቄ መሰለኝ። በሁለተኛው ግን ስለ 18 ሺህ ብሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረህ እንዳለፍክ፣ ወደ አያ ጥያቄ ግን ደጋግመህ እንደተመለስክ አስተዋልኩ። ስለዚህ ስለ ሁለቱም እጽፍልሃለሁ፤ መልሳቸው አንድ ቦታ የሚገናኝ ይመስለኛል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላረጋግጥልህ። ለጓደኞችህ የነገርካቸው እውነት ነው፤ የሒሳብ ክፍሉም በደል አልፈጸመብህም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት አንድ ድርጅት ለአገልግሎት ሲከፍል ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ አለበት። ሰዎች «ዊዝሆልዲንግ» የሚሉት ይህንን ነው። ተከፋዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ካላቀረበ የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው። ቁጥሩን ላቀረበ ሰው ደግሞ ቀድሞ 2 በመቶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ከ10 ሺህ ብር በላይ በሆነ የአገልግሎት ክፍያ ላይ 3 በመቶ ሆኗል። ይህም ማለት ባለ አሥር አኃዙን ቁጥር ይዘህ ሄደህ ቢሆን ኖሮ ከ60 ሺህው የሚቀነስብህ 1,800 ብር ብቻ ነበር። ያውም ቢሆን በዓመቱ መጨረሻ ከምትከፍለው ግብር ላይ የሚታሰብልህ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀልጦ የሚቀር ገንዘብ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 16,200 ብር ነው። «ግብር ውስጥ ከገባህ አትወጣም» ለሚሉህ ጓደኞችህ ይህንን ቁጥር አሳያቸው፤ ሳትመዘገቡ የከፈላችሁት ተመዝግባችሁ ከምትከፍሉት ይልቅ ከብዷችኋልና።

እንግዲህ እውነቱን ከተናገርክ ለምን አላመኑህም? ይህንን ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ እንደሚመስለኝ ከበሮ መቺው የሳቀው ሌባ ነህ ብሎ ስላሰበ ላይሆን ይችላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቃልህ ብቻ ሲያምንህ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃልህን የሚመዝንበት ነገር ፈለገ፤ የሚመዝንበት ነገር ግን በእጁ አልነበረም። አንተም የምታሳየው ወረቀት አልነበረህም። የከፈለህ ድርጅት ግብር ቀንሶ ካስቀረ ስለተቀነሰው ገንዘብ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። በዚህ ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ ውረድና ደረሰኙን ጠይቅ፤ ከተቻለ ከበሮ መቺውን ይዘኸው ሂድ። ለምን እሱን እንዳልኩህ ይገባሃል። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም፤ ያለ መለያ ቁጥር የተቀነሰን ገንዘብ በኋላ «የእኔ ነው» ብሎ ማስያዝ አድካሚ ነው። ደረሰኙ ግን ለቡድኑ 18 ሺህ ብር የሚያወጣ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ላውራህ። ለስድስት ዓመት የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት ላይ ሒሳቡ 300 ብር ጎደለብኝ። ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ አላገኘሁትም። በመጨረሻ ከራሴ ኪስ ሞላሁና ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ ስብሰባ ላይ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድም ብር ያልወሰድኩት ሰው እንደ ሌባ እሳቀቅ ነበር። አንዲት እናት ይህንን አይተው ኖሮ አንድ ቀን ወደ ጎን ጠሩኝና «ልጄ፣ የጎደለውን ንገሪን እንጂ አትሙዪልን» አሉኝ። ብሩ ለድንኳን ኪራይ ወጥቶ ሳይጻፍ የቀረ ነበር፤ ብነግራቸው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያስታውሱት ነበር።

ይህንን የነገርኩህ ስለ 5 ሺህው ብር ነው። ልጁ የታመመችበት አባት እጁ ላይ ያለውን ገንዘብ ቢያነሳ የሚፈርድበት ሰው ወሎ ውስጥ ይገኛል ብዬ አላምንም። መልሰኸዋል፤ የማንም ድርሻ አልጎደለም። ነገር ግን ልንገርህ፣ የአያ ጥያቄ ይህን ያህል የጎዳህ ባላጠፋኸው ነገር ስለተጠረጠርክ ብቻ አይመስለኝም፤ ማንም የማያውቀውን ሌላ ነገር ልብህ ስለሚያውቅ ጭምር ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ እለፈኝ። ልክ ከሆንኩ ግን ለአያ ብቻቸውን ንገራቸው። አርብ ከሆቴሉ ሥራ በፊት፣ ማሲንቋቸውን እየቃኙ ሳለ፣ አጠገባቸው ተቀመጥና «አያ፣ ባለፈው ዓመት ልጄ ስትታመም ከቀብድ ላይ 5 ሺህ አንስቼ በሁለት ሳምንት መልሻለሁ፤ ያኔ ስላልነገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ» በላቸው። ማብራሪያ አታብዛ። የ18 ሺህውን ነገር በዚያው አታንሳ፤ አንዱ ለሌላው መከላከያ ይመስላል።

ቀብድን በተመለከተ ደግሞ ከስሜት ያለፈ ጉዳይም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ያኔ የልጅህ ሕመም ጠንቶ ሠርጉ ላይ ሳትገኙ ቀርታችሁ ቢሆን ኖሮ የሙሽራው ቤተሰብ የሰጣችሁን ቀብድ እጥፍ አድርጋችሁ እንድትመልሱለት መጠየቅ ይችል ነበር፤ ሰባታችሁም ሳታውቁት። ቀብድ ሥራው እስኪሠራ ድረስ ገና የእናንተ እንዳልሆነ ቁጠሩትና ለብቻው ይቀመጥ።

አሁን ወደ ባለቤትህ ምክር ልምጣ። እሷ ያለችው የሚናቅ አይደለም፤ ስለ ቤቷ የምታስብ ሴት ምክር ነው። ምክሯ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል፦ ይህ ቡድን የማን ነው? የአንተ ነው ወይስ የሰባታችሁ? ገቢዎች መሥሪያ ቤት ስትሄድ የምትጠየቀው ይህንኑ ነው። አያም «ስንት ነበር ያልከን?» ሲሉህ ሌላ ነገር የጠየቁህ አይመስለኝም። እስካሁን ማንም ስላልጠየቀ መልስ ሳትሰጡበት ኖራችኋል፤ ከእንግዲህ ግን ወረቀቱ ራሱ መልስ ይፈልጋል።

የአንተ ነው ካልክ በስምህ ንግድ ፈቃድ ታወጣለህ፤ ግብርህም የሚከፈለው ለክልሉ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልሎች ስለሰጠ የምትሄደው ወደ ደሴ ከተማ ገቢዎች መምሪያ ይሆናል። ይህ መንገድ ፈጣኑ ነው። ነገር ግን ብዙ ሙዚቀኞች የሚሰናከሉበት ጉድጓድ አለው። በ2017ቱ የፌዴራል ማሻሻያ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ግብሩ የሚሰላው በሽያጩ ላይ በግምት ነው፤ ወጪው ሳይቀነስ ማለት ነው። ሙሉው 60 ሺህ ብር በስምህ ሽያጭ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ኪስህ የገባው ግን ምናልባት 10 ሺህ ብር ነው። የስድስት ሰዎችን ድርሻ አንተ ገቢ እንዳደረግከው ተቆጥሮ ግብሩን ብቻህን ልትሸከም ትችላለህ ማለት ነው። ስለዚህ መምሪያው ዘንድ ስትቀርብ «ሙዚቀኛ ነኝ» ብለህ ብቻ አትቁም። «የምቀበለውን ገንዘብ ለስድስት ሰዎች አከፋፍላለሁ፤ የሒሳብ መዝገብ ይዤ በትርፌ ልስተናገድ ብል እንዴት ነው?» ብለህ በግልጽ ጠይቅ፤ መልሱንም ከኃላፊው አፍ ስማ እንጂ በር ላይ ከሚያገኙህ ጉዳይ አስፈጻሚዎች አትቀበል።

ባለቤትህ እንዳለችው ጓደኞችህን በደመወዝ ከቀጠርክ ደግሞ አሠሪ ሆንክ ማለት ነው። በወር ከ2,000 ብር በላይ ከሚከፈለው ሠራተኛ ላይ የሥራ ግብር ቀንሰህ ማስገባት፣ ከደመወዙ 7 በመቶ ከእሱ፣ 11 በመቶ ከራስህ አውጥተህ ለጡረታ መክፈል ይጠበቅብሃል። ከዚህም በላይ ሥራ በሌለበት ወር ደመወዝ ትከፍላለህ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሠርግ የለም፤ በረመዳንም እንዲሁ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። በእነዚያ ወራት ለስድስት ሰው ደመወዝ ከየት ታመጣለህ? ይህ ሁሉ ይቅርና፣ አያን «ሠራተኛዬ» ብለህ ቅጽ ላይ መሙላት ትችላለህ? እጅህ እንደማይታዘዝልህ ከደብዳቤህ ተረድቻለሁ።

የሰባታችን ነው ካልክ በማኅበር መደራጀት አለ። በሽርክና ማኅበር ወይም ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ልትመዘገቡ ትችላላችሁ፤ የከተማው ሥራና ክህሎት መምሪያም እንደ እናንተ ያሉትን በኢንተርፕራይዝ ሲያደራጅ ይኖራል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ገንዘቡ የማንም ሰው ሳይሆን የማኅበሩ መሆኑ ነው፤ ቲኑም፣ ደረሰኙም፣ የባንክ ሒሳቡም በማኅበሩ ስም ይሆናል፤ ለትራንስፖርት፣ ለድምፅ መሣሪያ ኪራይና ለመሳሰለው የወጣው ወጪ ማስረጃ ካለው ከገቢው ላይ ይቀነሳል። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ገቢው ትንሽም ቢሆን ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ የተሟላ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አለበት፤ በትርፉ ላይ የሚከፍለውም 30 በመቶ ነው። የሒሳብ ባለሙያም ያስፈልጋችኋል፤ በወር አንድ ቀን መጥቶ የሚሠራላችሁ ቢሆን እንኳ።

አንዳንድ ሰው «በባህል ማኅበርነት እንደ በጎ አድራጎት ተመዝገቡ፤ ግብር የለውም» ሊላችሁ ይችላል። ይህ ለእናንተ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እንዲህ ያለ ድርጅት ገቢ እንዲያገኝ ቢፈቅድም ትርፉን ለአባላቱ እንዲያከፋፍል አይፈቅድም። እናንተ ደግሞ የምትኖሩት ተከፋፍላችሁ ነው።

የትኛውን ልምረጥ ካልከኝ፣ የእኔ ዝንባሌ እንዲህ ነው። ለሦስት ሳምንቱ ሥራ የሚደርሰው በስምህ መመዝገብ ብቻ ይመስለኛል፤ ማኅበር ለማቋቋም መመሥረቻ ጽሑፍ ማዘጋጀቱና ማስመዝገቡ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አሁን በስምህ ጀምር፤ ነገር ግን ከመጀመርህ በፊት ሰባታችሁ የምትፈርሙበት አንድ ገጽ ስምምነት ይኑራችሁ። በእሱ ላይ ፈቃዱ በአንተ ስም የወጣው ለሥራ ማስኬጃ መሆኑ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ በስምህ የሚመጣውን ግብር ሁሉም በየድርሻው እንደሚሸከም፣ እስከ መቼ በዚህ ሁኔታ እንደምትቆዩና ከዚያ በኋላ በማኅበር ለመደራጀት እንደምትነጋገሩ ይስፈር። ይህ ወረቀት ገቢዎችን አያስገድድም፤ እናንተን ግን ያስተሳስራል።

አሁን ስለ ደብተሩ ላውራ፤ ከሁሉም በላይ የማምንበት ነገር እሱ ነውና። ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ግዛ፤ ገጹን በሥራ ቀን ክፈለው። ያንን የኮምቦልቻ ምሽት ቲን ኖሮህ ብትጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦ የተዋዋልነው 60,000፤ ዊዝሆልዲንግ 1,800፤ በእጅ የገባ 58,200፤ ሚኒባስ ደርሶ መልስ 4,000፤ የድምፅ መሣሪያ ኪራይ 9,000፤ የክራር ክርና የተወዛዋዦች አልባሳት እጥበት 800፤ ቀሪ 44,400። ከዚህ ላይ 4,400 ለቡድኑ መጠባበቂያ ይቀመጥና 40,000 ይቀራል። ድርሻው ስምንት ቢሆን፣ ማለትም ለሰባታችሁ አንድ አንድና ስምንተኛው ውል ለሚያፈላልገው፣ ስልክ ለሚደውለውና ገንዘብ ለሚቆጥረው ለአንተ ድካም ቢሰጥ፣ አንድ ድርሻ 5,000 ብር ይሆናል። ወጪዎቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ የራሳችሁን አስገባበት። ከታች ሰባት ስምና ሰባት ፊርማ ይኑር።

ስምንተኛውን ድርሻ ሳነብልህ ደንገጥ እንዳልክ ይሰማኛል። እስካሁን ለዚህ ድካምህ የወሰድከው ነገር አለ? ካለ በግልጽ ይታወቅ፤ ከሌለም ለምን እንደሌለ ራስህን ጠይቅ። ሰው ለድካሙ በግልጽ ካልተከፈለው ወይ ያኮርፋል፣ ወይ ደግሞ «ይገባኛል» እያለ ሳያውቀው ከቀብድ ላይ ማንሳት ይቀልለዋል። ድርሻው ስንት ይሁን የሚለውን አንተ አትወስን፤ ደብተሩን አስቀምጥላቸውና እነሱ ይወስኑ።

በደብተሩ ላይ ስለ ሽልማትም ተነጋገሩ። ሠርግ ላይ አያ ማሲንቋቸውን ይዘው የሙሽራውን አጎት በግጥም ሲያሞግሱ ግንባራቸው ላይ የሚለጠፈው ብር የማን ነው? የእሳቸው ነው የሚል አለ፤ ግጥሙን የፈጠሩት እሳቸው ናቸውና። የሁሉም ነው የሚልም አለ፤ ከበሮው ባይመታ፣ ክራሩ ባያጅብ ግጥሙ ብቻውን አይቆምምና። እኔ በበኩሌ ሽልማት ለተሸለመው ይሁን፣ ከአንድ መጠን ሲያልፍ ግን የተወሰነው ወደ መጠባበቂያው ይግባ ባይ ነኝ፤ ነገር ግን የእኔ አስተያየት እዚህ ቦታ የለውም። ዋናው ቁም ነገር ሠርጉ ቦታ ላይ፣ ብሩ መሬት ላይ ተበትኖ ሳለ ሳይሆን ከዚያ በፊት መወሰኑ ነው። ሽልማቱም ከሙያችሁ የተገኘ ገቢ ስለሆነ በደብተሩ ላይ ይስፈር።

ገንዘቡ ከአንተ የግል ሒሳብ ይውጣ። ማኅበር እስክትሆኑ ድረስ በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ በባንክ ክፈቱ፤ ሁለተኛ ፈራሚዋ ድምጻዊቷ ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ስለ እሷ በደብዳቤህ አንድም ነገር አልጻፍክም፤ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ደግሞ ጥሩ ፈራሚ ይወጣዋል። ቴሌብር ላይ የሚላክልህን ቀብድ በዚያው ቀን ወደዚህ ሒሳብ አዛውረው። የልጅህ የትምህርት ቤት ክፍያና የኮምቦልቻ ሠርግ ቀብድ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ሲቀላቀሉ አንተ ራስህ ልትለያቸው አትችልም፤ የገቢዎች ኦዲተር አንድ ቀን ቢጠይቅህማ ሁሉም ገቢህ ነው ከማለት የሚያግደው ነገር አይኖርም።

የጓደኛህን ደረሰኝ በተመለከተ ግን አላባብልህም፤ አትንካው። ላልሸጠው አገልግሎት ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰውና ያንን ደረሰኝ የሚያቀርብ ሰው ሁለቱም በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እስራት በሚያስከትል ወንጀል ይጠየቃሉ። የሚሸጠው ስኳርና ዘይት ሆኖ ሳለ በሱቁ ደረሰኝ ላይ «የባህል ሙዚቃ አገልግሎት» ተብሎ ሲጻፍ የማይጠረጥር የሒሳብ ሠራተኛ የለም። ደግሞስ 5 ሺህ ብር ለጓደኛህ ከፍለህ ለቡድኑ ምን ብለህ ልትነግራቸው ነው? ከ80 ሺህው ላይ በሕጋዊ መንገድ የሚቀነሰው 2,400 ብር ነው። እጥፉን ከፍለህ ወንጀል መግዛት ነው የሚሆነው።

ያለፉት ዘጠኝ ዓመታት እንደሚያሳስቡህ እገምታለሁ፤ ባትጽፈውም። ስትመዘገብ ሥራ የጀመርክበትን ጊዜ ትጠየቃለህ፤ እውነቱን ተናገር። የኮምቦልቻው ድርጅት ግብር ቀንሶ ካስገባ ስለ ክፍያው ለግብር ሰብሳቢው አስታውቋል ማለት ነውና፣ ሥራችሁ ከእንግዲህ የማይታወቅ አይደለም። ቅጣት ቢኖር እንኳ ራሱ በመጣና ተፈልጎ በተገኘ ሰው ላይ እኩል አይጠናም፤ በክፍያ ጊዜ ስምምነት ከፋፍሎ መክፈልም ሊጠየቅ ይችላል። ወደፊት ደግሞ የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አስታውስ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ሰልፉ ስለሚረዝም ደብተርህን ሰኔ ላይ ደምረህ ጠብቅ። የጥር ሠርግ ገንዘብ ሐምሌ ድረስ ስለማይቆይ ከእያንዳንዱ ሥራ ላይ ለግብር የሚሆነውን እዚያው ከመጠባበቂያው ጋር አስቀምጡት። ዓመታዊ ገቢያችሁ እያደገ 2 ሚሊዮን ብር ሲደርስ ለ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብም ይመጣል፤ ያ ቀን ሲቃረብ ዋጋ ስትነጋገር ታክሱን ለብቻው መጥራት ትለምዳለህ።

የድምፅ ቅጂ ለማውጣት ካሰባችሁ ከስቱዲዮ በፊት ተስማሙ። አምባሰል ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን ያበጀውና የተጫወተው ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እያንዳንዳቸው መብት አላቸው። ከኪነ ጥበብ ሥራ በሚገኝ የሮያሊቲ ገቢ ላይ የሚከፈለው 5 በመቶ ነው። ይህንን ሌላ ጊዜ ብትጽፍልኝ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አባላቱን የምትሰበስብበትን ቀን ከአርብ አታዋህደው፤ ከሥራ በኋላ ሁሉም ደክሞት ነው የሚቀመጠው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤትህ ጥራቸው፤ ባለቤትህ ቡና ታፍላ፤ እሷም ትቀመጥ፤ ይህ ጉዳይ የእሷም ቤት ጉዳይ ነው። አቦሉ ሳይቀዳ ስለ ገንዘብ አትጀምር። ስትጀምር ከኮምቦልቻ ያመጣኸውን ደረሰኝ ለከበሮ መቺው ስጠውና እሱ ጮክ ብሎ ያንብበው። ከዚያ ባዶውን ደብተር አያ ፊት አስቀምጥና የመጀመሪያውን ገጽ እንዲያስጀምሩልህ ለምናቸው፤ ብዕሩን ያዙ አልያዙ፣ እሳቸው እየተናገሩ አንተ ጻፍ። «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያኔ አንሳው፤ መልሱን ግን አንተ አትናገር።

ሰኞ ጠዋት መታወቂያህን፣ ፎቶግራፍህንና እሑድ የፈረማችሁበትን ወረቀት ይዘህ ወደ ገቢዎች መምሪያ ሂድ። የምትቀበለው ቁጥር በሕይወትህ አንድ ብቻ ስለሆነ በስልክህ ላይም በደብተሩ ሽፋን ውስጥም ጻፈው። ከዚያ ንግድ መምሪያ ገብተህ ፈቃዱ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቅ፤ ደረሰኝ ለማሳተምም የገቢዎች ፈቃድ ስለሚያስፈልግ በዚያው ቀን አመልክት። በዚያው ዕለት ለ80 ሺህ ብሩ መሥሪያ ቤት ደውልና ቲን በማውጣት ላይ መሆንህን፣ ደረሰኙም እስከ ዝግጅቱ ቀን ካልደረሰ ክፍያውን እስኪደርስ ይዘው ሊቆዩልህ ይችሉ እንደሆነ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ባይቆዩም እንኳ ያንን መልስ በሚቀጥለው እሑድ ለሰባታችሁ ታነብበዋለህ፤ በደብተሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ።

አብሽር፣ ወንድሜ።